ስሙ አንድ፣ መርዙ ሁለት

ባለፈው ሚያዝያ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ፒከሪንግተን ባለው ቤታችን ጓሮ፣ በረዶ ሲጫነው የከረመውን ቅጠል ከግድግዳው ሥር ስጠርግ አንዲት ቀጭን እባብ ብቅ አለች። ጀርባዋ ላይ ቢጫ መስመር ያለባት፣ እዚህ አገር በየጓሮው የምትገኝ፣ ለሰው ጉዳት የሌላት እባብ ናት። ልጄ ናታን ግን የያዘውን የቅጠል ከረጢት ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለና "ማም፣ ዶንት ሙቭ!" አለኝ። በቁመት እኔን ካለፈኝ ቆይቷል፤ ያን ቀን ግን ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ።

ጎንበስ ብዬ ከጭንቅላቷ በታች በሁለት ጣቴ ያዝኳት፤ በሌላ እጄ ሰውነቷን ደገፍኩ። አስቤ አይደለም ያደረግኩት። ከአጥሩ ወዲያ፣ ሣሩ ወደ በዛበት ወስጄ ለቀቅኳት። ናታን አፉን ከፍቶ ያየኛል። የት እንደተማርኩት በእንግሊዝኛው ጠየቀኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከእባብ ጋር እሠራ ነበር ስለው የቀለድኩ መሰለው። እውነትም እንደዚያ ዓይነት ሰው አልመስልም። ሆስፒታል ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የምውል፣ በረሮ ሳይ የምጮህ ሴት ነኝ። ቅጠሉን ከረጢት ውስጥ እየጠቀጠቅን የቻልኩትን ያህል ነገርኩት። የቀረውን እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ኮለምበስ ከተማ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር ነበር፤ ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ፣ በረንዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ የእንጨት ቤት ታችኛው ፎቅ ላይ። ዲቪ ደርሶት ያመጣን አባቴ ጴጥሮስ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል። እናቴ ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። ሁለቱም ወላይታዎች ናቸው፤ የተገናኙት ግን አዲስ አበባ ነው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። አባቴ በአማርኛ የምንሰበክባት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ሲጸልይ እንኳ ድምፁ የማይሰማ፣ ዝምተኛ ሰው።

አገር ቤት ሳለ ድሬሰር እንደነበረ አውቃለሁ፤ ገጠር ክሊኒክ ውስጥ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ። ሥራ ቦታው አጭር ኮርስ ወስዶ ለታማሚዎቹ መድኃኒት የሚያድል እንዲሆን፣ ሺፍቱም እንዲስተካከልለት ሲጠይቁት ግን እምቢ አለ። እናቴ ለምን ብላ ብትጨቀጭቀው "ማጠቡ ይበቃኛል" ብቻ ነበር መልሱ። እኔ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። ለሃያ ዓመት ልጅ የአባቷ የድሮ ሕይወት ምኗ ነው? የራሷ ገና አልጀመረላትም።

ባዮሎጂ እማር ነበር። የካምፓስ ጆብ ስፈልግ ካረን የምትባል አስተማሪዬ ላቦራቶሪዋ ውስጥ አስገባችኝ። ካረን ሃምሳውን ያለፈች፣ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የምትሰካበት፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ነበረች። የምታጠናው የኦሃዮ ረግረግ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ መርዘኛ እባብ ነው። አመድማ ናት፣ ቡናማ ነጠብጣብ አለባት፣ ስትፈራ የጅራቷን ጫፍ እንደ ጸናጽል ታንሿሿለች። እየጠፋች ያለች ፍጥረት ስለሆነች ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ መርዛሞቹን አልነካም ነበር፤ በማይነድፉት እባቦች አያያዝ ተምሬ ሳጥን አጸዳለሁ፣ አይጥ አበላለሁ፣ ብልቃጥ አቀብላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄን አሥር ጊዜ ብታጠብ የአይጡ ሽታ ከጃኬቴ አልለቅ ይለኝ ነበር። ቤት ስገባ እናቴ አፍንጫዋን ትይዛለች። ላብ ውስጥ እሠራለሁ ብያቸዋለሁ፤ የምን ላብ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።

በጸደይ ወደ ረግረጉ እንሄድ ነበር። ከኮለምበስ ወጣ ስትሉ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የለም፤ ያምናው የበቆሎ አገዳ ጉቶ በየማሳው ተሰልፎ ይታያል። ካረን ነዳጅ ማደያ ቆማ ስኳር የተነሰነሰበት ዶናት ትገዛለች፤ ስኳሩ እስከ አሁን መኪናዋ ወንበር ላይ ያለ ይመስለኛል። ረግረጉ ዳር ስንደርስ እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቡትስ እናጠልቃለን። ፀሐይዋ ገና ስለማታሞቅ እባቦቹ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ደረቅ ሣር ላይ ተጠቅልለው ይገኛሉ። እንቁራሪቱ ይጮሃል፤ ጭቃው የበሰበሰ ቅጠልና የአዲስ ሣር ሽታ አለው። ደስተኛ ነበርኩ። ይህን ያህል ደስተኛ እንደነበርኩ ያወቅኩት ግን በኋላ፣ ትቼው ከሄድኩ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ካረን ከሰሜኑ ረግረግ የመጣችውን እባብና ከደቡቡ የመጣችውን ተራ በተራ አለበቻቸው። የእባብ መርዝ ይታለባል፤ ሌላ ስም የለውም። ብርጭቆ አፉ ላይ ስስ ላስቲክ ተወጥሮበት፣ እባቧ ላስቲኩን ስትነክስ መርዙ ጠብ ጠብ ይላል። ሁለቱን ብልቃጦች መብራቱ ላይ አነሳችና አሳየችኝ። አንደኛው እንደ ኑግ ዘይት ቢጫ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ውሃ የጠራ። የተለያየ ዝርያ መስለውኝ ነበር። አይደሉም፤ ዝርያው አንድ ነው፤ በመካከላቸው ያለውም በመኪና ከግማሽ ቀን ያነሰ መንገድ ነው። ካረን ቀለሙ ከሁሉም ትንሹ ልዩነት እንደሆነ ነገረችኝ። መርዝ የብዙ ነገሮች ቅልቅል ነው፤ በአንደኛዋ ውስጥ የበዛው በሌላዋ ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ምናልባት አንደኛዋ እንቁራሪት ስለምታዘወትር ሌላዋ ደግሞ አይጥ፣ ምናልባትም በሌላ ምክንያት። ካረን "ምናልባት" ማለት ትወድ ነበር። ቀጥላም ከአንደኛዋ መርዝ የተሠራ ማርከሻ ሌላዋ የነከሰችውን ሰው በደንብ ላያድን እንደሚችል ጨመረች። እኔ ይህን እንደ አንድ ድንቅ ወሬ ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ፤ ለማንም ግን አላወራሁትም።

ወሬው ቤታችን የገባው በሌላ በር ነው። ልጇ ካምፓስ የምትማር አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴት፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ "የሽማግሌው ልጅ እባብ ታልባለች አሉ" ብላ አወራች። የሳቀም ነበር፤ "ጌታ ይገሥጸው" ያለም ነበር። አባቴ እዚያው ቆሞ ሰምቷል።

ያን ቀን እናቴ ኩርኩፋ፣ የወላይታን የበቆሎ ምግብ፣ ሠርታ ነበር። የበቆሎ ዱቄቱ አልጠፋም፤ የሽፈራው ቅጠል ግን ያኔ ኮለምበስ ውስጥ ስለማይገኝ በጎመን ነበር የምትሠራው፤ አባቴም ሁልጊዜ ሳያማርር፣ ሳያመሰግንም ይበላው ነበር። ቁጣ እየጠበቅኩ ተቀመጥኩ። አልተቆጣም።

"መርዙን አውጥታችሁ ምን ታደርጉበታላችሁ?" አለኝ።

እፎይ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ብርጭቆው፣ በመጨረሻም ስለ ሁለቱ ብልቃጦች። የሚወዱትን ነገር ለሚያደምጥ ሰው መንገር እንዴት ደስ ይላል። ማንኪያውን እንዳስቀመጠው እንኳ ያየሁት ዘግይቼ ነው።

"ዓይነታቸው አንድ ሆኖ?"

"አንድ ሆኖ። ስማቸውም መልካቸውም አንድ ነው። ቦታቸው ነው የተለያየው።"

"ታዲያ ከአንዷ የተሠራው ማርከሻ፣ የሌላዋን..."

"ላይመልሰው ይችላል" አልኩት።

ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እናቴ ሳህኑን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

በማግስቱ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ሳልደርስ በአሮጌው መኪናው መጥቶ "ሊዲያ፣ ግቢ" አለኝ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ካምፓስ ደርሰን መኪናውን ካቆመ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ፣ ወደ ፊት ለፊት እያየ ነገረኝ።

አባያ ሐይቅ ዳር ባለ ቆላ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አንጁሎ እዚያው አካባቢ ጥጥና በቆሎ ያርሳል። ሚስቱ ዳምነሽ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከማሳ ስትመለስ እፉኝት ነደፈቻት። ጋሼ አንጁሎ ተራራው ላይ ወዳለ የሥር መድኃኒት አዋቂ ሊወስዳት ቃሬዛ አዘጋጅቶ ነበር። አባቴ አስቆመው። ክሊኒኩ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ማርከሻ አለ፤ ካርቶኑ ላይ የዚያችው እባብ ስም ተጽፏል። ወንድሙ እሺ አለው፤ ታናሽ ወንድሙ የተማረ ሰው ነዋ። አባቴ ያለውን መድኃኒት በሙሉ በራሱ እጅ ሰጣት። እብጠቱ አልቆመም፤ ከድድዋ የሚወጣው ደምም አልቆመም። በሁለተኛው ቀን ሊነጋ ሲል አረፈች።

አንዳንዱ ሰው ውሃ ነው የወጋት አለ። አንዳንዱ በላምባ የሚሠራው ፍሪጅ ጠፍቶ መድኃኒቱ ተበላሽቷል አለ። "አልጠፋም ነበር" አለኝ አባቴ። "ጊዜውም አላለፈም ነበር። መጠኑም ልክ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ እያንዳንዱን ነገር መልሼ አየዋለሁ። ያጠፋሁት የቱ ጋ እንደሆነ አጣሁት።" ወንድሙ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ያ ዝምታ ከስድብ ስለከበደው አባቴ ከቀብሩ መልስ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የወንድማማቾቹ ወሬ በሰው በሰው ብቻ ሆነ። መርፌም ሁለተኛ አልያዘም።

ክላሴ አልፎኝ ነበር። ዝናቡ መስተዋቱን አደብዝዞት ውጭው አይታይም። ውስጤ፣ አልዋሽም፣ ደስታ የመሰለ ነገር ነበር። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ ያጣውን መልስ እኔ የያዝኩት መስሎኝ ነበር።

ካረንን ማነጋገር ፈለገ። የእሑድ ሱፉን ለብሶ መጣ። ካረን ከላቡ ወንበሮች ንጹሑን መርጣ አስቀመጠችው። ባለችው ክሊኒክ ቀመስ እንግሊዝኛ እርሱ ራሱ ጠየቃት፤ እኔ አልፎ አልፎ ብቻ ቃል አቀበልኩት። ካረን ጉንጯን ይዛ ሰማችው። ከዚያ፣ ሊሆን እንደሚችል ነገረችው። እፉኝት ሰፊ አገር ላይ የምትኖር እባብ ናት፤ መድኃኒቱ ከሩቅ አገር እፉኝት ተሠርቶ ከሆነ መርዙ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያቺ እባብና ያ መድኃኒት ሳይኖሩ ማንም እርግጠኛ መሆን እንደማይችል፣ ከባድ ንክሻ ደግሞ ትክክለኛው መድኃኒት እያለም ሊገድል እንደሚችል አልደበቀችውም።

"ምናልባት ማለትዎ ነው" አላት አባቴ።

"ምናልባት" አለችው።

ከመሄዱ በፊት እባቦቹን ማየት ፈለገ። ከሳጥኑ መስተዋት ፊት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። እባቧ አልተንቀሳቀሰችም።

ጋሼ አንጁሎን ለማግኘት ቀጠሮ ያስፈልግ ነበር። ስልክ ያላቸው አንድ ዘመድ ሶዶ ውስጥ አሉ፤ እርሳቸው ወደ ገጠር መልእክት ይልኩና አጎቴ በተባለው ቀን ቴሌ ድረስ ይመጣል። እስኪመጣ ባለው ጊዜ አባቴ መኪናውን እያጠበ ለብቻው ያወራ ነበር። የሚለውን እየተለማመደ ነው። የመርዝን ቅልቅል በወላይትኛ እንዴት እንደሚያስረዳ ይቸገርና ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ሁለት እባብ፣ ሁለት ብልቃጥ እየሣልኩ አሳየዋለሁ። እናቴ ከመስኮቱ እያየችን አንድ ጊዜ "ይልቅ እንዴት ከረምክ በለው" አለች። እኛ ግን አልሰማናትም።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አባቴ የስልክ ካርዱን ቁጥሮች መትቶ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆሞ አወራ። በቋንቋቸው ስለሆነ የገባኝ ግማሹ ነው፤ የቀረውን አጠገቡ የነበረችው እናቴ በኋላ ነገረችኝ። ሰላምታው አጭር ነበር። ወዲያው ወደ መድኃኒቱ ገባ። ስለ እባቦቹ፣ ስለ ረግረጉ፣ "የሊዲያ አስተማሪ" ስላለችው። በእጁ እያሳየ ነበር የሚያወራው፤ የሚያየው ሰው ያለ ይመስል። ከወዲያ በኩል ድምፅ የለም። ሁለት ጊዜ "ትሰማኛለህ?" አለ። ሲጨርስ ግንባሩ አልቦት ነበር።

ጋሼ አንጁሎ ያለው ይህን ነው። "መድኃኒቱን ማን ጠየቀህ? እኔ ስለ መድኃኒቱ ክፉ አስቤ አላውቅም። ከአጠገቧ ሳትነሳ ሌሊቱን ስትቀመጥ አይቼሃለሁ። እኔ የያዝኩብህ ሌላ ነው። ቀብረናት ስንመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ አንተ የለህም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ወንድምህስ ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።"

"ፊትህን ማየት አቅቶኝ ነው" አለ አባቴ።

"እኔ ደግሞ የእኔን ፊት የጠላኸው መስሎኝ ነበር።"

አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቆይተው ስለ ልጆች ተጠያየቁ፤ አጎቴ ሌላ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ ስለ ዝናቡና ስለ በቆሎውም አወሩ። ስልኩ ሲዘጋ አባቴ አላለቀሰም። ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁ። የሣልኩለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቴ አንስታ ጣለችው።

ታርቀዋል ልበል? ታርቀዋል። በየበዓሉ ይደዋወሉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ሄዶ ክረምቱን አጎቴ ቤት አሳለፈ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ደስ ያለው ሰው አይመስልም ነበር። ስጠይቀው፣ ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንደነበር ነገረኝ። የልጅነታቸውን ወሬ በመጀመሪያው ሳምንት ጨረሱት፤ ከዚያ በኋላ የሚያወሩት አልነበራቸውም። አንዱ የሌላውን ልጆች ሲወለዱ አላየም፤ ሲታመሙ አልጠየቀም፤ ከብት ሲሞት፣ ቤት ሲሠራ አልነበረም። "ደግ ሰው ነው" አለኝ አባቴ፤ ስለ አንድ ጎረቤት የሚያወራ ይመስል። ጋሼ አንጁሎ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

እኔም ላቡን በዚያው ዓመት መጨረሻ ተውኩት። ማንም ተዪ አላለኝም። ካረን እንድቀጥል፣ ማስተርሴንም ከእርሷ ጋር እንድሠራ ጠይቃኝ ነበር። ቢጫውን ብልቃጥ ባየሁ ቁጥር ግን አባቴ ወለሉ ላይ የተቀመጠው ይታየኛል። ሥራ የሚገኝበትን ትምህርት እማራለሁ አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ጡረታ ወጥታ ወደ ሌላ ስቴት ሄደች ሲሉ ሰማሁ፤ ተገናኝተን አናውቅም። አሁን እንደዚያ ካለው ረግረግ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የመኪናዬን መስኮት ዝቅ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድም።

ናታን ጓሮ ውስጥ አያቱና ካረን እስከተነጋገሩበት ያለውን ሰማና ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። የእባብ መርዝ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አግኝቶ ዓይኑ በራ። "ታዲያ መድኃኒቱ አልገጠመም ነበር ማለት ነው?" አለኝ በእንግሊዝኛ። አላውቅም፣ ማንም አያውቅም አልኩት። ቅር አለው። እኔም በእርሱ ዕድሜ አካባቢ ቅር ይለኝ የነበረው እንደዚህ ነው፤ ነገር ሁሉ መልስ ያለው ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ካለፈ ሁለት ዊንተር ሆነው። ለቅሶውን የተቀመጥነው በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብሎኛል፤ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ሰማይ ቤት፣ ስለ መጽናናት። አንዱንም ቃል አላስታውስም። ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ግን እስከ ዛሬ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አጎቴ ይዞት የኖረው ይህን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ በሃያ ዓመቴ ሁለት እባብ ከምሥል ይልቅ፣ "አንተ ከሄድክ በኋላ ወንድምህ እንዴት ሆነ?" ብዬ አባቴን ብጠይቀው ኖሮ ብዬም አዘንኩ። እናቴ ነግራን ነበር። መልሳችን በጣም ስላስደሰተን ጥያቄው ምን እንደሆነ ያጣራ ሰው አልነበረም።

ከሩቅ ከመጡት አንዷ የጋሼ አንጁሎ ልጅ ታሪኳ ናት። ከአትላንታ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛ ደረሰች። ከዚያ በፊት የተያየነው በቪዲዮ ብቻ ነው። አቅፋኝ ትንሽ ቆየች። ሻንጣዋን ጥግ አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ታጥባለች፣ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትነሳለች። የመጨረሻው እንግዳ ወጥቶ የአዳራሹ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እዚያ ነበረች።